ምግብ መራጩና የአምስት ቀን መንገድ

ባለፈው ሰሞን ከአንድ ወጣት ጸሐፊ ደብዳቤ ደረሰኝ። ስሙንም መሥሪያ ቤቱንም አልገልጥም፤ እርሱም እንዳልገልጥ ለምኖኛል። ነገሩ እንዲህ ነው። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹ በዕረፍታቸው ጊዜ የአምስት ቀን የእግር ጉዞ ለማድረግ ተስማምተዋል። እርሱም መሄድ ይፈልጋል፤ ጉልበት አለው፤ ጫማም ገዝቷል። ነገር ግን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ምግብ መራጭ ነው። ሽንኩርት የታየበትን ወጥ አይቀምስም፤ ቅቤ ከሸተተው ከገበታ ይነሣል፤ ሥጋ ቢበላም ደረቅ ጥብስ ብቻ ነው፤ ከቆርቆሮ የወጣ ዓሣ ግን እንኳንስ መብላት ማየትም አይሆንለትም። «እንግዲህ ልሂድ ወይስ ልቅር? ብሄድስ በሦስተኛው ቀን ወድቄ ሸክም እሆንባቸው ይሆን?» ሲል ይጠይቀኛል።

ደብዳቤውን አንብቤ ስጨርስ ሣቅሁ። ያሣቀኝ የልጁ ችግር አይደለም፤ ራሴን በመስተዋት ያየሁ ስለ መሰለኝ ነው። እርስዎም አንባቢዬ፥ እናትዎ «ይኸ ልጅ ምን ልሥራለት?» ሲሉ ካደጉ፥ የዛሬው ገጽ የእርስዎ ነው።

ከብዙ ዓመታት በፊት፥ ተማሪ ሳለሁ፥ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ከደባርቅ ተነሥተን በስሜን ተራሮች በኩል ወደ ጨነቅ በእግር ሄድን። ስንቁን የገዙት ሁሉን የሚበሉት ሁለቱ ናቸው። እኔ «ስለ እኔ አታስቡ፤ የተገኘውን እበላለሁ» ብያቸው ነበር። ጉድ የሠራችኝ ይህች ቃል ናት። በመጀመሪያው ማታ ሳንቃበር ላይ፥ 3250 ሜትር ከፍታ ባለው ሰፈር፥ መኮሮኒ በበርበሬና በሰርዲን ተሠርቶ ቀረበ። እኔም «ደክሞኛል» ብዬ በሻይና በሁለት ብስኩት አደርሁ። በማግስቱ ግጭ ስንደርስ እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ወደ እሜት ጎጎ ስንወጣ፥ ቦታው ከ3900 ሜትር በላይ ነው፥ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀኝ፤ በመንገዱ ዳር የቆመው ጅብራ አንዱ ሁለት ሆኖ ታየኝ። ጓደኞቼ ከፊሎቹ እንመለስ፥ ከፊሎቹ እንጠብቀው እያሉ ይከራከሩ ጀመር።

አብሮን የሚሄደው የጥበቃ ሰው ጠመንጃውን ድንጋይ ላይ አስደግፎ «ልጁ ትናንትና ምን በላ?» ብሎ ጠየቀ። ከጓደኞቼ መካከል መልስ ያለው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ከአቅማዳው በሶ አወጣና በውሃና በጨው አሽቶ ጭብጦ አድርጎ ሰጠኝ፤ ስኳር የበዛበት ሻይም አፈሉልኝ።

በሶ እወድ ነበር ብዬ አልዋሽም። ነገር ግን በውስጡ ያለውን ዐወቅሁት፤ ገብስና ጨው ነው፤ ሌላ የተደበቀ ነገር የለበትም። ምግብ መራጭ የሆነ ሰው ይህን አነጋገሬን ይረዳልኛል። እኛን ከገበታ የሚያርቀን ብዙውን ጊዜ የምግቡ ክፋት አይደለም፤ በወጡ ውስጥ ምን እንደ ተሸሸገ አለማወቃችን ነው። በላሁ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀመጥሁ፤ ከዚያም ተነሥቼ ሄድሁ። ማታ ጨነቅ ደረስን።

(እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ኀጢአት ይሆንብኛል። ከፍ ባለ ተራራ ላይ ብርቱ ራስ ምታት፥ ማስመለስና መንገዳገድ የመጣበት ሰው፥ ያመመው ከፍታው ነውና ወደ ቆላው መውረድ አለበት። ይህ በበሶ አይድንም።)

አሁን ወደ ጉዳያችን። ምግብ መምረጥ ቅብጠት ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ ግን ሙሉ በሙሉ አልስማማቸውም። በ1931 እ.ኤ.አ. አርተር ፎክስ የተባለ አሜሪካዊ የኬሚስትሪ ባለሙያ በቤተ ሙከራው ውስጥ አንድ ዱቄት ሲገለብጥ ብናኙ ወደ አየር ተነሣ። በአጠገቡ የነበረው ባልደረባው «እንዴት ይመራል!» ብሎ ጮኸ፤ ፎክስ ግን ምንም አልቀመሰውም። ዱቄቱን በምላሳቸው ላይ ቢያደርጉት ለአንዱ እንደ እሬት መረረ፤ ለሌላው ጣዕም የለሽ ሆነ። ብዙ ሰዎችን ቢያስቀምሱ እንዲሁ በሁለት ተከፈሉ። ልዩነቱ ከወላጅ የሚወረስ ለመሆኑ ጥርጥር አልቀረም፤ በ2003 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለዚህ ምክንያት የሆነው የዘር ቅንጣት ተገኘ። ስለዚህ ከአንድ መሶብ የሚበሉ ሁለት ሰዎች አንድ ዐይነት ጎመን አይቀምሱም። ይህን ለባልደረቦችዎ ቢነግሯቸው ይሥቁ ይሆናል፤ ቢሆንም እውነት ነው።

ከዚህ የሚከተለው ምክር አጭር ነው፤ በመንገድ ላይ ጠባይዎን ለማረም አይነሡ። «ሲርበኝ ሁሉን እበላለሁ» የሚለው ተስፋ ሐሰተኛ ነው። ለምሳሌ እኔን ተመልከቱኝ። ድካምና ከፍታ የምግብ ፍላጎትን ይቀንሳሉ እንጂ አይጨምሩም፤ ቤት ሳሉ ያልወደዱት ነገር በ3600 ሜትር ላይ ይበልጥ ያስጠላል። አዲስ ምግብ መልመድ የሚሹ ቢሆን ከጉዞው ሁለት ወር አስቀድሞ፥ በቤትዎ፥ ጥቂት በጥቂት ይሞክሩት።

እንግዲህ የመንገደኛ ሰውነት የሚሻው ምንድን ነው? በመጀመሪያ ማገዶ ነው። ሸክም ይዞ ዳገትና ቁልቁለት በቀን ስድስትና ሰባት ሰዓት የሚሄድ ወጣት በቀን ከ3000 እስከ 4000 ካሎሪ ያቃጥላል። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ደብዳቤ የሚጽፍበትን ቀን አያስቡ። ቀጥሎ ሥጋን የሚጠግነው ፕሮቲን ነው፤ ለመንገደኛ ለእያንዳንዱ የሰውነቱ ኪሎ ከአንድ ግራም በለጥ ያለ ይበቃል፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 75 ግራም ያህል ካገኘ በቂው ነው። ከዚያም ውሃና ጨው ናቸው። በመጠነኛ አየር በሰዓት ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ ይጠጡ፤ ፀሐይ ከበረታ ይጨምሩ። ጨው ሳይቀምሱ ውሃ ብቻ ማብዛት ግን ደምን ያቀጥናልና ጨው ያለበት ቆሎ ወይም በሶ አይለይዎት።

ስለ ቪታሚን ብዙዎች ይጨነቃሉ፤ ስለ አምስት ቀን የሆነ እንደ ሆነ ከንቱ ጭንቀት ነው። ሰውነት ለዚህ ያህል ጊዜ የሚበቃ ተቀማጭ አለው። አምስት ቀን ጎመን ያልበላ ሰው አይታመምም፤ አምስት ቀን ማገዶ ያጣ ሰው ግን በሦስተኛው ቀን ይወድቃል። እኔ ያየሁት ይህንኑ ነው።

ስንቅ ስንል እንግዲህ አገራችን የቆየ ዕውቀት አላት። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመተው ሠራዊት ያን ሁሉ ወራት በእግሩ ሲጓዝ በቆርቆሮ ምግብ አልነበረም፤ በየካቲት ወር ላይም ስንቁ ሊያልቅ ተቃርቦ እንደ ነበር ይታወቃል። ያ ትውልድ ሲዘምት ይይዝ የነበረውን የደረቀ፥ የተቈላና የተፈጨ ምግብ ዛሬም በሚዛን ብናስቀምጠው አያሳፍርም። ለምግብ መራጭም ከሌላው ሁሉ ይስማማዋል፤ ምክንያቱም በሶው በሶ ነው፥ ቆሎውም ቆሎ ነው፤ አንዱ ከሌላው ጋር አልተደባለቀም።

ለደብዳቤው ባለቤት የጻፍሁለትን የአንድ ቀን ስንቅ ለእርስዎም ላስቀምጥ። በሶ 200 ግራም፤ ይህ 700 ካሎሪ ያህል ይሰጣል። በበሶውና በሻዩ የሚገባ ስኳር 80 ግራም፤ 320 ካሎሪ። የገብስና የሽምብራ ቆሎ እኩል ተደባልቆ 200 ግራም፤ ከ700 በላይ። ኦቾሎኒ 150 ግራም፤ 850 ያህል። በዘይት የታሸ ዳቦ ቆሎ 150 ግራም፤ 600 ያህል። ጠቅላላው ክብደቱ 780 ግራም፥ ካሎሪውም ከ3100 በላይ ነው፤ ፕሮቲኑ ደግሞ በግምት ወደ 90 ግራም ይደርሳል። ሽንኩርት የለበትም፤ ቅቤ የለበትም፤ ዓሣ የለበትም። ለአምስት ቀን አራት ኪሎ ገደማ መሆኑ ነው፤ በየቀኑም ሸክሙ ይቀልልዎታል።

ገብሱንና ሽምብራውን እንዲሁ በዘፈቀደ አላጣመርኋቸውም። ፕሮቲን ከብዙ ቅንጣቶች የተሠራ ነው፤ እህል የሚጎድለውን ቅንጣት ጥራጥሬ ይሰጣል፤ ጥራጥሬ የሚጎድለውን እህል ይሞላል። ሥጋ የማይበላ ወይም በጾም ወራት የሚጓዝ ሰው ሁለቱን በአንድ ቀን ውስጥ ከበላ የሚቀርበት ነገር የለም። ኦቾሎኒውን የጨመርሁት በቅባቱ ምክንያት ነው። አንድ ግራም ቅባት 9 ካሎሪ ሲሰጥ አንድ ግራም ስኳር የሚሰጠው 4 ብቻ ነው፤ ስለዚህ ለሚሸከም ሰው ቅባት ያለው ምግብ ትርፍ ነው። ቅቤ የማይጠሉ ሰዎች ጩኮ ቢይዙ ከዚህ ሁሉ ይበልጣል፤ በንጥር ቅቤ የታሸ በሶ ስለ ሆነ ጥቂቱ ብዙ ይሠራል፥ ሰንብቶም አይበላሽም። እኔ ግን እስከ ዛሬ አልቻልሁትም። ኦቾሎኒ የሚያሳክካቸው ወይም የሚያሳብጣቸው ሰዎች ደግሞ አይንኩት፤ ይህ ምርጫ ሳይሆን በሽታ ነው፥ ሊገድልም ይችላል። በፋንታው ሰሊጥ ወይም ሱፍ ይይዛሉ፤ እነዚህንም አስቀድመው በቤታቸው ደህና አድርገው የለመዷቸው እንደ ሆነ ነው።

አሁን ደግሞ ልምድ ያስተማረኝን ልንገርዎ። ጣፋጭ ነገር በመጀመሪያው ቀን ያስደስታል፤ በሦስተኛው ቀን ግን ያንገሸግሻል። ብስኩትና ከረሜላ ብቻ ቋጥረው የሚነሡ ተማሪዎች ብዙ አይቻለሁ፤ በአራተኛው ቀን ከረሜላቸውን ለእረኛ ልጆች ያድላሉ። ስለዚህ ግማሹን ጨዋማ፥ ግማሹን ጣፋጭ ያድርጉት። በሶውንም አንድ ቀን በስኳር፥ አንድ ቀን በጨውና በጥቂት ሚጥሚጣ ይበጥብጡት። ለስላሳውንና የሚንኮሻኮሸውንም ያፈራርቁ፤ መንጋጋ ሲደክም ቆሎ ጠላት ይሆናል፤ ያን ጊዜ አጥሚት የሚያህል የለም። የአጃ ዱቄት በከረጢት ይይዙና ማታ በፈላ ውሃ ያበስሉታል፤ ሆድ የሚገላበጥበት ሰው እንኳ እርሱን ይቀበላል።

ሌላው ነገር፥ ርሃብ እስኪመጣ አይጠብቁ። በየሰዓቱ ጥቂት ዕረፍት አድርገው አንድ እፍኝ ቆሎ ይቆርጥሙ። ምሳ የሚባለው ነገር ለቢሮ ነው፤ ለመንገድ ከጧት እስከ ማታ የማይቋረጥ ትንሽ ትንሽ መብላት ይሻላል። ምግብ መራጭም ከትልቅ ሳሕን ፊት ሲቀመጥ ይጨንቀዋል እንጂ እፍኝ ቆሎ አያስጨንቀውም። ስንቁን በየቀኑ በአምስት ከረጢት ለይተው ይቋጥሩት፤ ማታ ሲያድሩ የዕለቱ ከረጢት ካላለቀ በማግስቱ ለሚሆነው ነገር ማስጠንቀቂያ ነው። እኔ ያን ጊዜ ከረጢት ቢኖረኝ ኖሮ ባዶ ሆዴን በመጀመሪያው ማታ እደርስበት ነበር። የበሉት ካሎሪ ከፈጁት በመጠኑ ቢያንስ ለአምስት ቀን ጉዳት የለውም፤ ጉዳቱ የሚመጣው ወደ ምንም ሲጠጋ ነው። ባዶ ሆድ የተኛ ሰው ደግሞ በደጋ ሌሊት ብርድ ይጸናበታል፤ ሳይተኙ ጥቂት ኦቾሎኒ ይብሉ።

ስለ ማብሰልም አንድ ቃል። ውሃ በተራራ ላይ ቶሎ ይፈላል፤ ቶሎ መፍላቱ ግን ጥቅም እንዳይመስልዎ። በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ በ3600 ሜትር ላይ ወደ 88 ዲግሪ ሲደርስ ይፈላል፤ ስለዚህ ባቄላና ምስር ቢቀቅሉ ማገዶው ያልቃል እንጂ አይበስሉም። ሽሮና አጥሚት ግን ዱቄት ስለ ሆኑ ይሠራሉ። የምንጭ ውሃ ሲያፈሉም ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ያቆዩት።

የደብዳቤው ጸሐፊ የሚፈራው ሌላ ነገር እንዳለ ከመስመሮቹ መካከል አይቻለሁ፤ ይኸውም ርሃቡ ሳይሆን ሐፍረቱ ነው። ማታ ሁሉም በአንድ ገበታ ሲቀርቡ እርሱ ብቻውን ከረጢቱን ፈትቶ ሲቆረጥም ምን ይሉታል? የሹም ጉርሻስ እንዴት ይመለሳል? እኔ የማውቀው መንገድ አንድ ነው፤ ከመነሣታችሁ በፊት፥ ስንቅ በሚገዛበት ቀን፥ በግልጥ መናገር። «እኔ የምበላው ይህንና ይህን ነው፤ የራሴን እይዛለሁ፤ ከሚዋጣውም ገንዘብ የዳቦውንና የሻዩን ድርሻ እከፍላለሁ» ይበሉ። በከተማ ሆነው ሲናገሩት ወግ ነው፤ በተራራ ላይ ሲናገሩት ግን ችግር ነው። «ሆዴን አሞኝ ነው» እያሉ በየማታው መዋሸት ደግሞ ጓደኞችን ለሐሳብ ይዳርጋል፤ በስሜን ጉዟችን ላይ ጓደኞቼ ስለ እኔ እንቅልፍ ማጣታቸውን ያወቅሁት ከተመለስን በኋላ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው በመንገድ የሚቀበልዎ ባላገር ቤት ነው። እማማ እንጀራውን በወጥ አርሰው «ብላ የኔ ልጅ» ሲሉዎ አልበላም ማለት ያስነውራል። እኔ የማደርገውን ልንገርዎ፤ እንደ ገባሁ፥ ምጣዱ ሳይጣድ፥ «እማማ፥ ወጥ አልችልም፤ ቆሎና እንጀራ ቢሰጡኝ ደስ ይለኛል» እላለሁ። አስቀድሞ የተጠየቀ ቆሎ እንደ ክብር ይቈጠራል፤ ከቀረበ በኋላ የተገፋ ወጥ ግን እንደ ንቀት ነው። እስከ አሁን በዚህ የተቀየመኝ ቤት አላገኘሁም፤ አንድ ጊዜ ብቻ አንዲት ባልቴት «አይ ልጄ፥ ማን ያገባሃል?» ብለውኛል።

ጉዞው ከአምስት ቀን አልፎ ወደ ወራት የሚሄድ የሆነ እንደ ሆነ ሒሳቡ ይለወጣል። ያን ጊዜ ቪታሚንም ይቈጠራል። በ1747 እ.ኤ.አ. ጄምስ ሊንድ የተባለው የእንግሊዝ መርከብ ሐኪም ድዳቸው ያበጠና የደከሙ አሥራ ሁለት መርከበኞችን ሁለት ሁለት አድርጎ ልዩ ልዩ ነገር ቢሰጣቸው፥ በቀን ሁለት ብርቱካንና አንድ ሎሚ የተሰጣቸው ሁለቱ ፈጥነው ተነሡ። ትኩስ ነገር ሳይቀምሱ ሳምንታትን ማለፍ የሚያመጣው ይህን በሽታ ነው። ጎመን የሚጠላ ሰው ተስፋ አይቍረጥ፤ ብርቱካን፥ ዘይቱን፥ ሎሚ፥ አረንጓዴ ቃሪያ ሁሉም ያንኑ ይሰጣሉ፤ በየገበያው ቀን አንዱን ይግዛ። ለረጅም ጊዜ በእህልና በጥራጥሬ የሚኖር ሰው ሻዩን ከምግብ ጋር ሳይሆን ከምግብ ራቅ አድርጎ ቢጠጣ መልካም ነው፤ ሻይ በእህሉ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዳይወስደው ያግደዋልና። ሎሚ ግን ያግዘዋል። ይህ ለሴቶች መንገደኞች የበለጠ ያስፈልጋል።

በመጨረሻ፥ የሚበሏቸው ነገሮች በጣት የሚቈጠሩ ሆነው፥ ክብደትዎ እየቀነሰ ከሄደ፥ ወይም ምግብ መዋጥ ራሱ የሚያስፈራዎ ከሆነ፥ ይህ ከመራጭነት ያለፈ ነገር ነው። ሐኪሞች ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ የራሱን ስም ሰጥተው በበሽታነት መዝግበውታል፤ ሕክምናም አለው። እንዲህ ያለ ሰው ጫማውን ከማሰሩ በፊት ሐኪም ይይ።

ለደብዳቤው ጸሐፊ «ይሂዱ» ብዬ መልሻለሁ። ነገር ግን በሚመጣው ቅዳሜ አምስቱን ከረጢቶች አዘጋጅቶ አንዱን ብቻ ይዞ ከከተማ ወጣ ብሎ ቀኑን ሙሉ በእግሩ እንዲሄድና፥ ማታ በከረጢቱ ውስጥ ምን እንደ ቀረ እንዲጽፍልኝ ጠይቄዋለሁ። እርስዎም ቢሞክሩት ይጻፉልኝ። አዲስ ጫማ ተረከዛቸውን እንደ ላጣቸው የጻፉልኝ ሁለት ተማሪዎች በሚመጣው ሳምንት መልሳቸውን በዚሁ ገጽ ያገኛሉ፤ እስከዚያው ድረስ ቍስሉን በጨው ውሃ አጥበው ይሸፍኑት።